አንጎል የሚሠራበት ጊዜ

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ የምገዛባት ሱቅ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ይሠራል። እንጀራው ከመጋገሪያ ቤት ሲመጣ ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። እያንዳንዱን ጥቅል መጀመሪያ በመዳፉ ዳበስ ያደርገዋል፤ ለብ ያለው ወደ ኋላ፣ የቀዘቀዘው ወደ ፊት ይሄዳል። የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው እንዳይነሳ ነው። አንድ ቀን ቸኩዬ ከኋላ ትኩሱን ልስብ ስል እጄን ያዝ አደረገና የፊተኛውን አቀበለኝ። ዳውን ሲንድረም አለው።

እናቱ ሒሳብ መቀበያው ጋ ይቀመጣሉ። ከእሳቸው ጋር ለመግባባት ጊዜ ወስዶብኛል፤ ስለ ልጁ ለማውራት ደግሞ ከዚያም በላይ። ልጁ የተወለደ ዕለት ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ በኩል ጥቂት ነገር ነግሯቸው ወጣ። አስተርጓሚው «ክሮሞዞም» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ዝም አለ፤ ቃሉን አላወቀውም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ልጁን ለሰው ሳያሳዩ አሳደጉት። ክርስትና የተነሳው እንኳ ሰው ሳይበዛ፣ ማልደው ሄደው ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባ ነበር። ሌሊቱን «ምን በድዬ ነው» ሲሉ ያድሩ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመሩኝ እነዚያ ሦስት ዓመታት ናቸው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ስለ አንጎል አሠራር የተጠራቀመው እውቀት፣ ከፊሉም ከዚችው ሱቅ በቅርብ ርቀት የተገኘ፣ የአንጎል ግንባታ ሁለት ጊዜ አለው ይላል። አንደኛው በማህፀን ውስጥ ተጀምሮ በአብዛኛው እዚያው የሚዘጋ ነው። ሁለተኛው ከልደት በኋላ ለዓመታት ክፍት ሆኖ ይቆያል። እኛ ባለፈው ጊዜ ስናዝን፣ ስናፍርና ስንደብቅ ያላለፈው ከእጃችን ይወጣል።

ከሱቋ በመኪና አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ሊንደን ሌን ላይ፣ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ሙዚየም አለ። በ1862፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ የጦር ሠራዊቱ የሕክምና ሙዚየም ሆኖ ነው የተቋቋመው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆርጂያ አቬኑ ላይ የነበረው የዋልተር ሪድ ሆስፒታል በ2011 ሲዘጋ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዛወረ። መግቢያው ነጻ ነው። ጎብኚ አብርሃም ሊንከንን የገደለውን ጥይትና መሰል ነገሮችን አይቶ ይወጣል። ለጎብኚ የማይታየው ግን ይበልጣል። ሙዚየሙ የያኮቭሌቭ-ሃሊም ስብስብ የሚባል ከ1,000 በላይ የሰው አንጎሎች ክምችት ይዟል። አንጎሎቹ ሴሎይዲን በሚባል ሙጫ መሰል ነገር ደርቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ በስሱ ተሸንሽነዋል። የአንዱ ሽንሽን ውፍረት 35 ማይክሮሜትር ነው፤ ሃያ ስምንቱ ቢደራረቡ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞሉም። ትልልቅ መስታወት ላይ ተለጥፈው፣ አንዱ የነርቭ ሕዋሶቹን፣ ቀጣዩ የነርቭ ክሮቹን ሽፋን በሚያሳይ ቀለም ተነክረዋል።

ስብስቡን በ1930 የጀመሩት በያኔው የሩሲያ ንጉሣዊ ግዛት ተወልደው ወደ አሜሪካ የተሰደዱት የነርቭ ሐኪም ፖል ያኮቭሌቭ ናቸው። የሚጥል በሽታና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚዘጉባቸው የማሳቹሴትስ ተቋማት ውስጥ ሠርተዋል። በዚያ ዘመን ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ሲወለድ ለተቋም አስረክባችሁ እርሱት ብሎ የሚመክረው ሐኪም ራሱ ነበር። ስለ መስታወቶቹ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ሁለት ቦታ የሚከፈለው ለዚህ ነው። በሕይወት ሳሉ ማንም ያላያቸው ሰዎች አንጎል፣ ከሞቱ በኋላ ተመራማሪ ሁሉ እየተመላለሰ የሚያየው ሆነ። ፈቃዳቸው በዛሬው ሥርዓት ቢሆን በሚጠየቅበት መንገድ አልተጠየቀም። እውቀቱ ግን ተወለደ፤ የእነሱም ሆነ።

በ1962 ፓስኮ ራኪች የተባሉ ወጣት ሐኪም ከዩጎዝላቪያ ተነስተው ሃርቫርድ ደረሱ። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሊማሩ ነበር የመጡት፤ የያኮቭሌቭን መስታወቶች ካዩ በኋላ ግን ቢላዋውን ትተው ወደ ማይክሮስኮፑ ዞሩ። በ1968 ሁለቱ በጋራ፣ የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ድልድይ በፅንስ ውስጥ እንዴት እንደሚገነባ ጽፈው አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ራኪች፣ ኋላም ዬል ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው፣ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ የአንጎል ሕዋስ የት ተወልዶ፣ በምን መንገድ ሄዶ፣ መቼ ቦታው ይደርሳል?

መልሱን የአገራችን ሸማኔ ጉድጓድ ቤት ገብቶ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። የፅንሱ አንጎል ሲጀምር ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የነርቭ ስቴም ሴሎች ተሰልፈዋል። ስቴም ሴል ማለት ገና ሥራው ያልተለየ፣ ራሱንም እያባዛ ሌላ ዓይነት ሕዋስም የሚወልድ እናት ሕዋስ ነው። ከዚያ ግድግዳ እስከ ውጨኛው ጠርዝ ድረስ ራዲያል ግሊያ የሚባሉ ረጃጅም ሕዋሶች እንደ ድር ተወጥረዋል። ራኪች በ1972 ባሳተሙት የዝንጀሮ ፅንስ ጥናት፣ አዲስ የተወለደው ነርቭ ሕዋስ ይህንን ክር አቅፎ እየተሳበ ወደ ላይ እንደሚወጣ አሳዩ። ክሩ ከሌለ ወይም ከተጣመመ ሕዋሱ መንገድ ላይ ይቀራል።

አደራደሩም የሚያስደንቅ ነው። ቀድሞ የተወለደው ሕዋስ ታች ይቀመጣል፤ ኋላ የተወለደው እሱን አልፎ ላይኛው ፎቅ ይይዛል። ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው የሚለው ተረታችን የተነገረው ለዚህ ይመስላል። በ1974 ራኪች ለማየት የሚያገለግለውን የዝንጀሮ ኮርቴክስ (የአንጎል ውጨኛ ንጣፍ) ሕዋሶች የልደት ቀን አንድ በአንድ ተከታትለው፣ ቦታቸው ከተወለዱበት ቀን ጋር የተሳሰረ መሆኑን፣ ሁሉም ደግሞ እናቲቱ ከመውለዷ በፊት ተመርተው የሚያልቁ መሆኑን አረጋገጡ። ሰውም ላይ ነገሩ ይኸው ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ የስዊድን ተመራማሪዎች፣ በኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ምክንያት አየር ላይ የተበተነውን ካርቦን 14 እንደ ሰዓት ተጠቅመው፣ የሰው ኮርቴክስ ነርቭ ሕዋሶች ዕድሜ ከባለቤቱ ዕድሜ ጋር እኩል መሆኑን ደረሱበት። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ የሚያስቡት በሰማንያ ዓመት ሕዋስ ነው። ምትክ የለውም።

በ2000 እና 2001 የወጡ ጥናቶች ሥዕሉን አንድ እርምጃ ገፉት። ራዲያል ግሊያ ክር ብቻ አይደለም፤ ነርቭ ሕዋሱን የሚወልደውም እሱ ራሱ ነው። ልጁ የሚወጣበት መሰላል እናቱ ሆና ተገኘች። ይህ ከታወቀ በኋላ የአንጎል ዕድገት ችግሮች በሌላ ዓይን መታየት ጀመሩ። ጥያቄው «ይህ ልጅ ምን ጎደለው?» መሆኑ ቀርቶ «እናት ሕዋሶቹ ስንት ጊዜ፣ በምን ፍጥነት ተከፈሉ? ከእነሱስ ምን ዓይነት ሕዋስ በስንት መጠን ወጣ?» ወደሚል ዞረ። ቁጥርና ጊዜ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው አንድ የዋሽንግተን ሳይንቲስት የሚገቡት። ታሪክ ሃይዳር ይባላሉ፤ ሳይንቲስትነታቸውን የጀመሩት በሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ነው። ከዚያ ዬል ሄደው በራኪች ላቦራቶሪ ሠሩ፤ የእናት ሕዋስ አከፋፈል አቅጣጫና የሕዋስ ሞት የአንጎልን ቅርጽ እንዴት እንደሚወስኑ ከእሳቸው ጋር አሳትመዋል። ቀጥሎ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል፣ ቺልድረንስ ናሽናል፣ መጥተው የራሳቸውን ላቦራቶሪ ከፈቱ። መካከል ላይ ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሄደው፣ በ2020ዎቹ መጀመሪያ የሆስፒታሉን የነርቭ ሳይንስ ምርምር ማዕከል ለመምራት ተመልሰዋል። ሆስፒታሉ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያም የእኛ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው የሚሮጡበት ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ካሉት የያኮቭሌቭ መስታወቶች ወደ ራኪች፣ ከራኪች ወደ ሃይዳር የሚወርደው የመምህርና የደቀ መዝሙር መስመር ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። የቅኔ ቤት ሰው ቢሰማው አይገርመውም፤ እዚያም እውቀት የሚወርደው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከአንድ መምህር እግር ሥር ነው።

ሃይዳር የመረጡት ጥያቄ ዳውን ሲንድረም ነው። ሰው ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ሁለት አለው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው 21ኛው ሦስት ነው። በአሜሪካ ከ700 ገደማ ልጆች አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። የእናት ዕድሜ ሲጨምር ዕድሉ ይጨምራል፤ ይሁንና ወጣት እናቶች የሚወልዱት ይበዛሉና ከእነሱም ብዙ ይወለዳሉ። እርግማን የለበትም፣ የእናት ጥፋት የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ የዘር ሕዋስ ሲከፈል ሁለቱ ክሮሞዞሞች ሳይላቀቁ መቅረታቸው ነው። ይህንን በአማርኛ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር የሚነግር ሰው ለሱቋ እናት በዚያ ዕለት ቢገኝላቸው ኖሮ እላለሁ።

ከ200 በላይ ጂኖች በሁለት ፈንታ ሦስት ሦስት ቅጂ ሲኖራቸው አንጎል ላይ ምን ይሆናል? የሃይዳር ቡድን በ2007 ባሳተመው ሥራ፣ ተመሳሳይ የጂን ትርፍ ያላቸው አይጦች ፅንስ ላይ እናት ሕዋሶቹ አንዱን ዙር ለመከፈል ከጤናማዎቹ የበለጠ ጊዜ እንደሚወስዱ አሳየ። ዙሩ ሲረዝም ልጆቹ ያንሳሉ፤ የኮርቴክሱ ግድግዳም ይሳሳል። በ2010 ደግሞ ሁለት ጂኖችን ለይተው አወጡ፤ ኦሊግ1 እና ኦሊግ2 ይባላሉ፤ ሰው ላይ የሚገኙት ያው 21ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። እነዚህ ሦስት ሦስት ቅጂ ሲኖራቸው፣ ሌላውን ነርቭ የሚያነቁት «ቀስቃሽ» ሕዋሶች ባነሱበት አንጎል ውስጥ የሚገቱት «አፋኝ» ሕዋሶች ይበዛሉ። ተመራማሪዎቹ ሌላው ትርፍ ሁሉ እንዳለ ትተው ሁለቱን ጂኖች ብቻ ወደ ሁለት ቅጂ ሲመልሱ፣ የአፋኞቹ ቁጥር ወደ ልኩ ተመለሰ። ከመቶዎች መካከል ሁለት ጂን! ይህን ያነበብኩ ዕለት ደጋግሜ አነበብኩት።

ሆኖም ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን ደብቆ መጻፍ አንባቢን መበደል ነው። አይጧ የተሸከመችው ትርፍ ክሮሞዞም ከሰው 21ኛ ጋር የማይገናኙ ጂኖችም አሉበት። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች ቆዳ ወይም ደም ተነስተው ላቦራቶሪ ውስጥ ወደ ነርቭ ሕዋስ የተለወጡ ስቴም ሴሎችም አንድ ድምፅ አልሰጡም። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት የአፋኝ ሕዋሶችን መብዛትና የኦሊግ2ን ድርሻ በሰው ሕዋስ ላይ ሲያረጋግጥ፣ ሌሎች ደግሞ አፋኞቹ እንዲያውም ያንሳሉ፣ ጉዟቸውም ይደናቀፋል ብለዋል። ሮሽ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ አፈናውን የሚያላላ መድኃኒት በሰዎች ላይ ሞክሮ፣ መድኃኒት ከሌለበት ማነጻጸሪያ ክኒን የተሻለ ውጤት ስላጣበት በ2016 አቆመው። ዛሬ የዳውን ሲንድረምን የማሰብ ችሎታ ያሻሽላል ተብሎ የተፈቀደ አንድም መድኃኒት የለም። ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዋና ግቢ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ ነው፤ ደጃፋችን ላይ።

አንዳንድ ሰው ከዚህ ተነስቶ ታዲያ ምን ፋይዳ አለው ይላል። እኔ ግን ከሃይዳር ሥራዎች ሁሉ ለእኛ ትልቁን ነገር የያዘው በ2016 ከዬሉ ኔናድ ሼስታን ጋር ያሳተሙት ነው እላለሁ። ያኔ ሃይዳር ቦስተን ነበሩ። ቤተሰቦች በለገሷቸው፣ ከፅንስ አጋማሽ እስከ ጎልማሳነት ባሉ ሰዎች አንጎል ውስጥ የትኞቹ ጂኖች መቼ እንደሚሠሩ መረመሩ። ከሌላው በላይ ጎልቶ የወጣው የማይሊን ነገር ነው። ማይሊን የነርቭን ክር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦን ላስቲክ እንደሚያለብሱት የሚያለብስ ስብ ነው። መልእክት በፍጥነት የሚሮጠው በእሱ ነው። ዳውን ሲንድረም ባለበት አንጎል ውስጥ ይህንን ሽፋን የሚሠሩት ሕዋሶች ለሥራ መድረስ ያዘግማሉ። ያኮቭሌቭ መስታወቶቻቸውን ተራ በተራ ከነከሩባቸው ሁለት ቀለሞች አንዱ የሚያሳየው ይህንኑ ሽፋን መሆኑን ልብ ይሏል።

ቁም ነገሩ ማይሊን የሚሠራበት ጊዜ ነው። ነርቭ ሕዋሶቹ ከልደት በፊት ተቆጥረው ያልቃሉ፤ ሽፋኑ ግን በአብዛኛው ከልደት በኋላ ይለበሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይፈጥናል፣ ከዚያም እስከ ወጣትነት ይቀጥላል። ሥራም ያነቃዋል። በ2014 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ርብራቡ ወጣ ገባ በሆነ መሽከርከሪያ ላይ መሮጥ የሚማሩ አይጦችን አጠኑ፤ አዲስ ማይሊን እንዳይሠራ የተደረገባቸው አይጦች ትምህርቱን በደንብ አልያዙትም። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ቡድን የነርቭ ሕዋሶች ሲሠሩ ሽፋን ሠሪዎቹ እንደሚበዙ አሳየ። እንግዲህ መማር ማይሊንን ይፈልጋል፣ ማይሊንም በመማር ይበረታታል። ይህ በአይጥ የታየ ነው። ከዚህ ተነስቶ ጓዳ የሚውል ሕፃን ምን እንደሚያጣ የምናገረው የእኔ ድምዳሜ ነው፤ ግን አጥብቄ የምይዘው ድምዳሜ ነው።

ስለ መጀመሪያው፣ ስለ ማህፀኑ ጊዜ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልሆነልኝም፤ እዚያ እኛን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለና። የነርቭ ስቴም ሴሎች የሚሰለፉበት ያ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሴት በዚያ ሰዓት ማርገዟን አታውቅም። ካልተዘጋ ልጁ የአከርካሪ ወይም የራስ ቅል ክፍተት ይዞ ይወለዳል። ሕዋስ ሲከፈል ፎሊክ አሲድ ይፈልጋል። በ1991 የታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ፣ ዳግም የመከሰቱ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ «የበለጸገ» ተብሎ በሚሸጥ የስንዴ ዱቄትና መሰል እህል ላይ እንዲጨመር አስገደደች፤ በየዓመቱ ወደ 1,300 ልጆች ከዚህ ችግር ይተርፋሉ ተብሎ ይገመታል። ቶርቲላ የሚጋገርበት የበቆሎ ዱቄት ግን ከግዴታው ውጪ ነበር። ቶርቲላ የሚበሉ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ እናቶች ጥቅሙ እኩል እንዳልደረሳቸው ታይቶ፣ በ2016 በፈቃደኝነት እንዲጨመር ተፈቀደ።

ስለ ጤፍስ ማን ጠየቀ? ቀድመው አሜሪካ የገቡት እናቶቻችን እንጀራቸውን የሚጋግሩት ከሱፐርማርኬት በሚገዙት፣ ራሱ በሚነሳ የስንዴ ዱቄት ነበር። ጤፍ ናፍቋቸው ያንን ሲበሉ፣ ከ1998 በኋላ ሳያውቁት ፎሊክ አሲድም ያገኙ ነበር። አሁን ጤፉ እንደ ልብ ተገኘ፤ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆነ። የጤፍ ዱቄት ግን ግዴታው አይመለከተውም። ዳቦና ፓስታ የማትወድ፣ ቁርሷም ምሳዋም ጥቁር ጤፍ የሆነ ወጣት ሴት ከዚህ አገር መከላከያ ውጪ ቆማለች ማለት ነው። ጤፉን ትተው አልልም፤ ክኒኑ ርካሽ ነው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገኛል፣ መወሰድ ያለበት ከመፀነስ በፊት ነው። አገር ቤት ያለው ሁኔታ የባሰ ነው። በ2018 የታተሙ ሁለት የሆስፒታል ጥናቶች ከ10,000 ወሊድ አዲስ አበባ ላይ 126፣ ትግራይ ላይ 131 እንዲህ ያለ ችግር ቆጥረዋል። ኢትዮጵያ በ2022 የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች፤ ከፋብሪካ ዱቄት ርቆ በራሱ ማሳ እህል የሚኖረው ገበሬ ቤት ግን ይህ እንዴት ይደርሳል የሚለው ዛሬም ያስጨንቀኛል።

ወደ ዳውን ሲንድረም ልመለስ። የዚህ ምርምር ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከመንግሥት ነው። ቤተዝዳ የሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ለዳውን ሲንድረም ምርምር ለረጅም ጊዜ ከሌሎች ያነሰ ገንዘብ ሲመድብ ቆይቶ፣ በ2018 ኢንክሉድ የተባለውን ፕሮጀክት ከጀመረ በኋላ ነገሩ ተሻሻለ። ሥራው የአንጎልን አጀማመር ብቻ ሳይሆን ፍጻሜውንም ይመለከታል፤ ከአልዛይመር ጋር የተያያዘው የአሚሎይድ ጂን ያው 21ኛው ላይ ስለሆነ፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች አርባ ዓመት ሲሞላቸው አንጎላቸው ላይ ምልክቱ ይታያል። በ1983 አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ስለዚህ የሱቁ ወጣት ምናልባት እናቱን ይቀብር ይሆናል። እናቱ ሌሊት የሚያስቡት አሁን ይህንን ነው።

በ2025 ይህ ሁሉ ተናወጠ። በየካቲት ወር የጤና ተቋሙ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለሆስፒታሎች የሚከፍለውን የምርምር ማስኬጃ ወጪ 15 በመቶ ላይ እንደሚገድብ አስታወቀ፤ ፍርድ ቤት አገደው። በሚያዝያ መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ዋይት ኦክም ቤተዝዳም። በሰኔ ደግሞ አሌክሳንድሪያ፣ አይዘንሃወር አቬኑ ላይ ከ2017 ጀምሮ የነበረው የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ሕንጻ ለቤቶች ሚኒስቴር እንዲለቀቅ ተነገረ። እኛ ዘንድ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ነርስ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ታክሲ ነጂ ሆኖ የሚውል ወገን በየቤቱ አለ። የምርምር ሥራ ሲቋረጥ የሚጠፋው ግን ደመወዝ ብቻ አይደለም። የጥናት አይጦችን ዘር ተንከባክቦ ማቆየት፣ ሕዋስ ማሳደግ፣ ከቤተሰብ የተለገሰ አንጎል በቅዝቃዜ መጠበቅ የዕለት ተዕለት እጅ ይፈልጋል። ያኮቭሌቭ በ1930 የጀመሩት ሥራ በየዘመኑ የሚረከበው ሰው ባያገኝ ኖሮ፣ ራኪች በ1962 የሚያዩት መስታወት አይኖርም ነበር። ለሃያ ዓመት የሚሠራ ጥያቄን በአንድ ደብዳቤ የሚያቆም ሰው ያቆመውን ነገር መጠን አያውቀውም የሚል እምነት አለኝ።

ሌላም ስጋት አለ፣ ከወላጆች የምሰማው። ሳይንሱ የሚፈልገው ልጆቻችን እንዳይወለዱ ነው ወይ ይላሉ። ከ2011 ጀምሮ ከእናት ደም ብቻ የፅንሱን 21ኛ ክሮሞዞም መመርመር ስለሚቻል ጥያቄው መሠረት የለውም አልልም። የሃይዳር ዓይነት ሥራ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ይህ ልጅ ተወልዷል፣ አንጎሉ በዚህ መንገድ ተሠርቷል፣ ታዲያ ቀኑን እንዲቀልለው ምን ማድረግ ይቻላል የሚል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቀድሞው አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ የዲቦራ ፋውንዴሽንን ሲያቋቁሙ፣ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ዳውን ሲንድረም በእኔም ቤት አለ ብሎ በአደባባይ መናገሩ ብዙ ጓዳ ከፍቷል። እዚህስ? ቤተ ክርስቲያናችን፣ መስጊዳችን፣ እድራችን፣ እቁባችን ሁሉ አለ። ይህ ጉዳይ ግን አሁንም በሹክሹክታ ነው።

በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ሕፃናት የዕድገት መዘግየት ካለባቸው ድጋፍ እንዲያገኙ መሠረት ጥሏል። በሜሪላንድ ለቤተሰቡ በነጻ ነው። በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያን ጨምሮ፣ ምርመራው ነጻ ሆኖ አገልግሎቱ እንደ ገቢ መጠን ይከፈላል፤ አቅም ያጣ በዚህ ምክንያት አይመለስም። የንግግር፣ የእንቅስቃሴና የዕለት ተግባር ሕክምና ባለሙያዎች ቤት ድረስ ይመጣሉ። ዳውን ሲንድረም ያለበት ሕፃን መዘግየቱ እስኪታይ እንኳ መጠበቅ የለበትም፤ ዳውን ሲንድረም መኖሩ ራሱ በቂ ነው። የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ እናት ራሷ መደወል ትችላለች፤ ከደወለች በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተመርምሮ ዕቅድ ሊወጣለት ይገባል። አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላ ግን በአብዛኛው ያ በር ይቀየራል፤ ነገሩ ወደ ትምህርት ቤት ሥርዓት ያልፋል። የሱቋ እናት ይህን ያወቁት ልጁ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ ልገዛ ገብቼ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ሕፃን አቅፈው ቆመው አገኘሁ። ልጅቷ ሕፃኑን በነጠላዋ ከፊል ሸፍናዋለች። የሱቋ እናት ከሒሳብ መቀበያው ወጥተው፣ ነጠላውን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩት። ዓይኑን፣ ከዚያ መዳፉን አዩ። «ስንት ወሩ ነው፣ ልጄ?» አሏት። አራት ወሩ ነው አለች፤ ድምጿ አልወጣም። እሳቸው ምንም ሳይሉ ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው የደረሰኝ ወረቀት ቀደዱና በጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩት። መጣና ሕፃኑን አየው፤ መዳፉንም እንጀራውን በሚዳብስበት አኳኋን ሕፃኑ ጉንጭ ላይ አኖረው። ከመደርደሪያው ኋላ የነበረውን፣ ትኩሱን ጥቅል አውጥቶ ለልጅቷ ሰጣት።